የመኪናዬ ፊልትሮ

ዛሬ መካኒኩ የመኪናዬን የአየር ፊልትሮ አውጥቶ አሳየኝ። ነጭ የነበረው ወረቀት ጠቁሯል፤ በእጥፋቶቹ መካከል የተጠራቀመው ጥቀርሻ ጣት ሲነካው እንደ ኩል ይቀባል። «ሞተሩስ ፊልትሮ አለው» አለኝ እየሳቀ።

በእርግጥ አፍንጫችንም ያጣራል፤ የሚያስቀረው ግን በአብዛኛው ትልልቁን አቧራ ነው። ከናፍጣ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከማገዶ ቃጠሎ የሚወጡት፣ ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ ብናኞች እስከ ሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይወርዳሉ፤ እጅግ ደቃቆቹም ወደ ደም ዘልቀው፣ ሰው እንደሚያስበው ለሳልና ለአስም ብቻ ሳይሆን፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ጭምር ያጋልጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የእነዚህ ብናኞች ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል፤ ከዓለም ሕዝብ አብዛኛው የሚተነፍሰው አየር ግን ከዚህ ልክ ያለፈ ነው።