የሮክ ዘፈን ግጥም እንዴት ነው የምፈታው

ሐዋሳ ውስጥ ሮክ የሚያዳምጥ ሰው ብዙ አይደለም፤ የሚያዳምጠው ግን አጥብቆ ነው የሚያዳምጠው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ክርክሩ ከጊታሩ ይልቅ «ምን ማለቱ ነው?» የሚለው ላይ ይከርራል። በሰምና ወርቅ ያደግን ስለሆንን አንድ እንግዳ ቃል ከሰማን ወርቁን ፍለጋ እንሮጣለን። ይህ ልማድ ሮክ ላይ ብዙ ጊዜ ከመንገድ ያስቀራል። በቅኔ ምስጢሩ ህብረ ቃሉ ላይ ተቀብሯል፤ በሮክ ግጥም ግን በአብዛኛው ያለው «ተናጋሪው ማን ነው?» የሚለው ላይ፣ አንጓውና አዝማቹ በሚጋጩበት ቦታ፣ ቃሉ እያለቀሰ ዜማው በሚጨፍርበት ቦታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሙን ጨርሼ አጠራለሁ፤ ወርቅ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራው በጆሮ ይጀምራል። ጽሑፉን ሳልከፍት ዘፈኑን ሦስት ጊዜ እሰማለሁ፤ በስልክ ስፒከር ሳይሆን በኢርፎን። ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ ማሻከር) የበዛበት ጊታር የሰው ድምፅ ያለበትን መካከለኛ የድምፅ ክልል ስለሚሻማ ቀድመው የሚዋጡት እንደ «ት»፣ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። አናባቢው ይተርፋል፤ ክፍተቱን ጆሯችን በሚያውቀው ቃል ይሞላዋል። ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ በ1967 (እዚህ ያሉት የዘፈን ዓመታት በፈረንጅ ናቸው) «ፐርፕል ሄዝ» ላይ ሰማዩን ልሳም («ኪስ ዘ ስካይ») ያለውን፣ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱት ሳይቀሩ ይህን ሰውዬ ልሳም («ኪስ ዚስ ጋይ») ብለው ሲሰሙት ኖረዋል። ያልያዝኩት ቦታ ሲኖር ፍጥነቱን ወደ 0.75 እቀንሳለሁ። ከ0.5 በታች ከወረደ ድምፁ ስለሚጎተትና ስለሚሻክር ከመጥራት ይልቅ ይብስበታል።

ጽሑፉን የማወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኢንተርኔት ላይ ካሉት የግጥም ገጾች ብዙዎቹን የጻፋቸው አድማጭ ነው፤ አንዱ ከሌላው ስለሚገለብጥም ሁለት ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከአልበሙ ጋር የታተመው ቡክሌት ፎቶው ከተገኘ እሱን አስቀድማለሁ። ካልተገኘ እኔ የጻፍኩትንና የገጹን ጎን ለጎን አድርጌ የሚለያዩበትን ሰከንድ ብቻ መልሼ እሰማለሁ። አውቶማቲክ የሚወጣው የዩቲዩብ ጽሑፍ ዘፈን ላይ አይታመንም።

ከዚያ ኤ4 ወረቀት አግድም አድርጌ ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያው ስንኙ፣ በሁለተኛው በተራ አማርኛ የሆነው ነገር፣ በሦስተኛው ጥያቄ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ማብራሪያ አይገባም። «ሥራ ጠየቀ፤ አልቀጠሩትም» ተብሎ ይጻፋል እንጂ «የካፒታሊዝም ጭቆና» ተብሎ አይጻፍም። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ዓምድ ላይ ነው፤ ሰው ታሪኩን ሳይጨርስ ትንታኔ ይጀምራል።

ቀጥሎ ግሶቹን እለያለሁ፦ ተናጋሪው ምን ያደርጋል? የሚነገርለትስ ሰው? የፖሊስ ባንድን የ1983 ዘፈን «ኤቭሪ ብሬዝ ዩ ቴክ»ን ውሰዱ፤ ሠርግ ላይ ሳይቀር ይከፈታል። ግሶቹን ሁለት ቦታ ስትጽፏቸው ያኛው ሰው ይተነፍሳል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይራመዳል፤ ተናጋሪው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ያንን ሰው ይመለከታል። አንድም ቦታ መልስ ሲሰጠው አይሰማም፤ እንዲያውም ያ ሰው የኔ ነው ይላል። የባንዱ ዘፋኝ ስቲንግ ራሱ ዘፈኑ የቅናትና የክትትል እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ወረቀቱ ግን እሱን ሳትጠይቁም ይነግራችኋል። አማርኛ እዚህ ላይ ያስቸግራል። እንግሊዝኛው ጾታ አይለይም፤ እኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ ወይም እርስዎ ብለን መምረጥ ግድ ይለናል። ገና በመጀመሪያው ስንኝ «አንቺ» ካልን ዘፈኑን ለሴት የተዘፈነ የፍቅር ዘፈን አድርገነው አረፍን። ስለዚህ ሥራው እስኪያልቅ ሁለተኛው ዓምድ ላይ «ያ ሰው» እያልኩ ነው የምጽፈው።

አዝማችና አንጓ ሲጋጩ አንጓውን እመኑ። አዝማቹ ለጩኸት ነው፤ ታሪኩ ያለው አንጓው ውስጥ ነው። ለዚህ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1984 ያወጣውን «ቦርን ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤ.»ን የሚያህል ማሳያ የለም። አዝማቹ ብቻውን ሲሰማ የባንዲራ መዝሙር ይመስላል። ሁለተኛው ዓምድ ግን እንዲህ ይላል፦ በደከመች ከተማ ተወለደ፤ ቬትናም ተላከ፤ ተመልሶ ማጣሪያ ፋብሪካ ሥራ ጠየቀ፤ አልተሳካለትም፤ የቀድሞ ወታደሮች ቢሮ ሄደ፤ እዚያም አልሆነለትም፤ ወንድሙ ቬትናም ውስጥ ኬ ሳን ላይ ተዋግቶ ቀረ፤ አሁን የሚሄድበት የለውም። ይህን ካነበባችሁ በኋላ አዝማቹን ስትሰሙት እዚሁ አገር ተወልጄ ነው እንዲህ የተጣልኩት የሚል እሮሮ ይሆናል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ኒው ጀርሲ ውስጥ ለምርጫ ሲቀሰቅሱ ዘፋኙን በስሙ ጠርተው በዘፈኖቹ ስላለው ተስፋ አወድሰዋል፤ ጭብጨባው የአዝማቹ ነበር። ቅንብሩም የራሱን ሥራ ሠርቷል፤ ሲንተሳይዘሩና ድራሙ ድል ያለ ያስመስሉታል። በ1998 «ትራክስ» በሚል ስብስብ የወጣውን የቀድሞ የጊታር ቅጂ ካገኛችሁ አዳምጡት። ቃሉ ያው ነው፤ ማንም ግን ባንዲራ ይዞ አይነሳበትም። ለዚህ ነው ለአንድ ዘፈን ቢያንስ ሁለት ቅንብር የምፈልገው።

ግጥሙ ውስጥ ዓመት ወይም የቦታ ስም ካለ ሌላውን ትታችሁ ከእሱ ጀምሩ። የክራንቤሪስ «ዞምቢ» (1994) ስሙን ብቻ ይዞ ለሚሄድ ሰው የአስፈሪ ፊልም ዘፈን ነው። ግጥሙ ግን 1916ን ይጠቅሳል። ይህ የፈረንጅ ዘመን ነው፤ በኛ 1908 ማለት ነው፤ ደብሊን ውስጥ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የፋሲካው አመፅ የተነሳበት። ዘመኑን ሳያስተውል በኛ 1916 ውስጥ የሚባዝን ሰው አይጠፋም። ዘፈኑን ያስጻፈው በመጋቢት 1993 እንግሊዝ አገር ዋሪንግተን ላይ የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር ያፈነዳው ቦምብ ነው፤ የ3 እና የ12 ዓመት ልጆች ሞቱበት። ሁለቱ ዓመታት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያረጀ ጠብ በሰው ጭንቅላት ውስጥ እየተነሳ መዋጋቱ ይታያል፤ ዞምቢውም ያኔ ቦታውን ያገኛል።

የሐረግ ፈሊጥ ሲያጋጥም ቃል በቃል መፍታት ገደል ይከታል። አር.ኢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ባንድ በ1991 ያወጣውን «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን» ሃይማኖቱን የካደ ሰው ዘፈን ነው ብለው የሚሸሹት አሉ። በአሜሪካ ደቡብ ሐረጉ ትዕግስቴ አለቀ እንደ ማለት ነው፤ የቀረው ግጥምም አበዛሁት ወይስ አሳነስኩት እያለ ስለሚጨነቅ፣ ፍቅሩ ምላሽ ስላላገኘ ሰው ነው። ሐረጉን እንዳለ ፈልጉት፤ የየትኛው አካባቢ አነጋገር እንደሆነም እዩ።

ወርቅ የሌለውም ሞልቷል። የዲፕ ፐርፕል «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ላይ ጭሱ ሐሺሽ ነው፣ ጦርነት ነው የሚል ክርክር አያልቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በፈረንጅ ዲሴምበር 4 ቀን 1971 ስዊዘርላንድ ሞንትሩ ውስጥ በፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት ላይ አንድ ታዳሚ የተኮሰው የምልክት ርችት ካዚኖውን አቃጠለው፤ አልበም ሊቀዱ የመጡት ልጆች ጭሱ ጄኔቫ ሐይቅ ላይ ሲተኛ አዩ፤ ያዩትን ጻፉ። እዚሁ ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ መጥበሻ ጭስ ሐይቁ ላይ ሲጋደም ያየ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም።

ደራሲው የተናገረውን የምፈልገው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሜ ካነበብኩት ጆሮዬን ይዘጋዋል። «ሉሲ ኢን ዘ ስካይ ዊዝ ዳይመንድስ» የሚለውን ስም ብዙዎች የኤል.ኤስ.ዲ. (አእምሮ የሚያዛባ ዕፅ) ምህፃር ነው ሲሉ፣ የቢትልሱ ጆን ሌነን ልጁ ጁሊያን ከሣላት ሥዕል እንደመጣ ነው የተናገረው። የስሙን ምንጭ በተመለከተ ቃሉን እቀበላለሁ፤ ግጥሙ ውስጥ ያለው የሚዋልል ዓለም ግን በዚህ መልስ አይዘጋም። የራሴ መለኪያ ይህ ነው፦ አንድ ትርጓሜ በግጥሙ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ድጋፍ ካላገኘ አልቀበለውም። በአንድ ስንኝ ላይ የቆመ ትርጓሜ፣ ስንኙ ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ከሆነ አብሮ ይወድቃል።

በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ከ5 እስከ 7 ሰው ይበቃል። ዘፈኑንና ጽሑፉን ቀድማችሁ አውርዱ፤ መብራትና ኔትወርክ አይጠበቅም። ማንም ከመናገሩ በፊት ሁሉም ንባቡን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ አለዚያ ቀድሞ የጮኸው ሰው ሌላውን ይጎትታል። ለመጀመሪያ ቀን ታሪክ ያለው ዘፈን ምረጡ። የኩዊን ባንድን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ለኋላ አቆዩት፤ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው፣ መሐሉ ኦፔራ ነው፣ ደራሲው ፍሬዲ ሜርኩሪም ትርጉሙን ሳያብራራ ነው ያረፈው።