«እኛ» ያለው ሰውዬ

የሽርክና ውላችን ገና ረቂቅ ነበር። ጓደኛዬ ግን «እኛ» ማለት ጀምሯል።

የማተሚያ ማሽኔ ባለ ሁለት ከለር ናት። ሙሉ ከለር ሥራ ሲመጣ ወረቀቱን ሁለቴ ማሳለፍ አለብኝ። በሁለተኛው ዙር ቀለሙ ትንሽ ከሸሸ ኪሳራው የኔ ነው። እሱ ባለ አራት ከለር መግዣ ገንዘብ አለው። እኔ ሙያውና ደንበኛው አለኝ። ግማሽ በግማሽ ተባባልን። ከዚህ በላይ ፍትሕ የት አለ?

ሒሳብ የሚሠሩልኝ ሴትዮ ረቂቁን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሳትስማሙ ስትቀሩ የማን ቃል ይጸናል?»

«እንነጋገራለና።»

«ተነጋግራችሁም ካልተስማማችሁስ?»

ዝም አልኩ። እኩል ድርሻ ማለት ሁለታችሁም እንቢ ማለት ትችላላችሁ ማለት ነው፣ እሺ የሚያሰኛችሁ ግን የለም አሉኝ። በተራ ሽርክና ደግሞ አንዱ በድርጅቱ ስም ለገባው ዕዳ ሌላው በግል ንብረቱ ጭምር ሊጠየቅ ይችላል። የመለያያውንም ነገር አነሱ። አንዳችሁ ዋጋ ይጥራ፣ ሌላው በዚያ ዋጋ ልግዛ ወይም ልሽጥ ብሎ ይምረጥ፤ ያኔ የሚጠራው ሰው ዋጋ አያዛባም። መጨረሻ ላይ «የጎደለህ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ተበደር። ብድር ተከፍሎ ያልቃል» አሉ። ለጨለምተኛ ሰው ምን ይባላል! አመስግኜ ወጣሁ። ለመፈረምም ቆርጬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ 3000 መጽሔት ሊያሳትም መጣ። ወረቀቱን፣ ፕሌቱን፣ ጥረዛውን ደምሬ ዋጋ ነገርኩት። ሰውየው ጭንቅላቱን ማከክ ጀመረ። ሁሉም ያክካል፤ አምስት ደቂቃ ዝም ካልከው ይከፍላል። ጓደኛዬ ወረቀት ክምር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል።

«ለሱማ እኛ 20 ፐርሰንት እንቀንስለታለን» አለ።

ትርፌ 18 ነበር።

ደንበኛው ብድግ ብሎ ጨበጠው። እኔን አይደለም፣ እሱን። እኔ ጨርቅ አንስቼ ሮለር መወልወል ጀመርኩ። ጠዋት የተወለወለ ሮለር። ወሬያቸው እስኪያልቅ ወለወልኩት።

ቃል ከወጣ ወጣ ብዬ ሥራውን በኪሳራ አተምኩት። ማታ ላይ ሽርክናው ይቅርብን አልኩት።

«ለ20 ፐርሰንት ብለህ?»

«አዎ» አልኩ። ውሸቴን ነው። ቅናሹን እረሳው ነበር። «እኛ»ን ነው መዋጥ ያቃተኝ። ያቺን ሱቅ ብቻዬን ስከፍት፣ ብቻዬን ስዘጋ፣ የተበላሸ ወረቀት ስለቅም «እኛ» የሚባል ሰው አላየሁም።

ሴትዮዋ ሲሰሙ «ጎሽ» አሉ። እኔም ለሰው ሁሉ እንደ ብልህ አወራሁት።

እሱ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ባለ አራት ከለሩን ገዛ። ባለፈው ወር አንድ የሙሉ ከለር ሥራ ቀን ጠቦኝ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ እሱ ጋ ወሰድኩት። ወረቀቱ አንዴ ገብቶ አልቆ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ቀለሙ ፀጉር ታህል አልሸሸም። ሒሳብ ላይ ስንደርስ በድሮ ጓደኝነታችን ትንሽ ቀንስልኝ አልኩት።

«ሸሪኮቼን ሳላማክርማ አልችልም» አለኝ።