በስሙኒ የሚከፈት በር፦ የእንቁጣጣሽ መልእክት

ውድ ወዳጆቼና ጽሑፎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ፣ ከ2017 ወደ 2018 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ። በዋሽንግተንም ሆነ በሪያድ፣ በቴል አቪቭም ሆነ በፍራንክፈርት ዕለቱን ሥራ ገብታችሁ ለምታሳልፉትም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ፤ የበዓል ቡና ማታም ቢፈላ የበዓል ቡና ነው።

ይህን የመሸጋገሪያ ሰላምታ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ ዓመቶቻችንን የምንጠራው በአራት መጽሐፍ ጸሐፊዎች ስም መሆኑን ልብ ያልሁት ግን ዘግይቼ ነው። ማቴዎስ ሲፈጸም ማርቆስ ይገባል፣ ከዚያ ሉቃስ፣ ከዚያ ዮሐንስ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። በየመስከረሙ አንዱን መጽሐፍ ዘግተን ሌላውን የምንገልጥ እንመስላለን። ስለዚህ የዘንድሮው መልእክቴ ስለ መጽሐፍ፣ ወደ መጽሐፍም ስለሚያስገባ በር ቢሆን ከበዓሉ የራቀ አይመስለኝም።

ነገሩ የተነሣው በክረምቱ አጋማሽ፣ አንዲት ወዳጄ «አንባቢው መጽሐፉን ገልጦ በአካሉ ወደ ታሪኩ የሚገባበት አስማተኛ ቤተ መጻሕፍት ቢኖር ምን ይመስል ነበር?» ብላ በጠየቀችኝ ጊዜ ነው። እሷ በልቧ የያዘችው ከፍ ያለ ጣሪያና ጠመዝማዛ ደረጃ ያለው አዳራሽ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ያን ቤት አውቀዋለሁ አልኋት። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ ጀርባ የነበረ፣ መግቢያውም ስሙኒ።

መጽሐፍ ማከራየት በአዲስ አበባ የታወቀ ሥራ ወደ ነበረበት ዘመን ላልደረሳችሁ ላስረዳ። መያዣ ታስይዛላችሁ፤ ለአንድ ቀን ስሙኒ ትከፍላላችሁ፤ ካሳደራችሁት ሌላ ስሙኒ ይጨመራል። መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብ ለብዙው ቤተሰብ ቅንጦት ስለ ነበር፣ አንድ ልቦለድ ሰፈሩን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ክረምቱን ሙሉ ይከርማል። የእኛ ሰፈር አከራይ (ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ ነበር የምንላቸው) እንቁጣጣሽ ባለፈ ሳምንት ከየግድግዳው የወረደውን የአሮጌ ዓመት የቀን መቁጠሪያ እየለመኑ ይሰበስባሉ። ወፍራሙን ወረቀት ነጩ ጀርባ ወደ ውጭ እንዲሆን አጥፈው መጽሐፉን ይሸፍኑበታል፤ ጥራዙ የላላውን በመርፌና በጥቁር ክር ይሰፉታል፤ ርእሱንም በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ እየደጋገሙ አድምቀው ይጽፉበታል። ሽፋኑን ገለጥ ስታደርጉት በውስጥ በኩል የሰኔ ቀኖች ከነበዓላታቸው ተደርድረው ይታያሉ። ታሪኩ ሲያስጨንቀኝ ዓይኔን እዚያ ላይ አሳርፌ፣ ያለፈው ዓመት ሰኔ 12 በምን ቀን ውሎ እንደ ነበር አይና ወደ ጭንቀቴ እመለስ ነበር።

መጽሐፍን ማልበስ በእርግጥ የጋሼ ፈጠራ አይደለም። የብራና መጽሐፍ የሚያድርበትን ባለ ማንገቻ የቆዳ ቦርሳ ማኅደር እንለው የለም ወይ? ማደሪያ ማለት ነው። ለመጽሐፍ ቤት የሚሠራ ሰው፣ በውስጡ ነዋሪ አለ ብሎ ያምናል።

የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ተጣርቶ አይሰማም፤ እናቴም ሦስት ጊዜ ጠርታኝ በአራተኛው በራፍ ላይ ትቆምና «ደግሞ ተመሰጠልሽ!» ትላለች፣ ለማን እንደምትናገር እንጃ። ቃሉን ያኔ አልመረመርሁትም። መሠጠ በግእዝ ነጠቀ ማለት ነው፤ የተመሰጠ ሰው የተነጠቀ ሰው ነው። አስማት የምንለውም ቃል በመሠረቱ የስም ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። በስም ብቻ የተሠሩ ሰዎች በስም ብቻ ወደ ተሠራ አገር ልጅን ነጥቀው ከወሰዱ፣ ወዳጄ የጠየቀችኝ አስማት ከዚህ በላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አላውቅም። በአድዋ አጠገብ በሚገኘው ገዳም ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ዕድሜ የተገመተላቸው የአባ ገሪማ ወንጌሎች አሉ፤ እንደ ትውፊቱ ጻድቁ ወንጌልን በአንድ ቀን ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆማላቸዋለች። ለጸሐፊው የቆመች ፀሐይ ግን ለአንባቢው ትሮጣለች፤ ሦስት ሰዓት ላይ የተቀመጥሁ ልጅ ቀና ስል መብራት በርቶ አገኛለሁ።

መጽሐፍ ውስጥ መግባትን ከኑሮ መሸሽ አድርገው የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። ለእነሱ መልስ መስጠት ባስፈለገኝ ቁጥር የማስታውሰው ነቢይ መኮንንን ነው። ገጣሚው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርከውን የማርጋሬት ሚቸልን ልቦለድ ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ የውስጥ ወረቀት ላይ ነበር። ወደ 3,000 በሚጠጉ ቁርጥራጮች ላይ የሰፈረው ትርጉም ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤቱ ወጥቶ፣ ኋላም ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለአንባቢ ደረሰ። አንዲት ብጣሽ ወረቀት ስንት ዓረፍተ ነገር እንደምትይዝ እያሰላ ቃል የሚመርጥ ሰው ከምን ሸሸ ይባላል? ወረቀቷን ይዞ በበር የወጣውስ? ያ ክፍል መደርደሪያም ጸጥታም የሌለው ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ የልቦለዱ ከተማ አትላንታ ግን እዚያ ውስጥ በአማርኛ ተቃጠለች።

ወደ ስሙኒው በር ልመለስ። የኪራይ መጽሐፍ አንድ ክፉ በሽታ ነበረበት፤ የመጨረሻ ገጾቹ ይጎድላሉ። እኔ አብልጬ የምወደው ልቦለድም በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል፣ ልጅቷ ደብዳቤውን ልትከፍት ስትል፣ ቁርጥ ይላል። ብሶቴን ሳሰማ ጋሼ ሳይደነግጡ «መጨረሻውን እኔ እነግርህ የለም ወይ?» አሉኝና ነገሩኝ፤ ተጋቡ። በወሩ ደግሜ ብጠይቃቸው ልጁ ሞቷል። በዓመቱ ስጠይቃቸው ሁለቱም በባቡር ድሬ ዳዋ ገብተው ሱቅ ከፍተዋል።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ እውነቱን ፍለጋ ወመዘክር ገባሁ። ስሙን ልብ ብላችሁት ከሆነ «ወ» በግእዝ «እና» ማለት ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ሕዝቡ ሲያሳጥረው ቤተ መጻሕፍቱን ጥሎ «እና መዘክር»ን አስቀረ፤ እኔም ይህን ስም ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፣ ከፊቱ የሆነ ነገር የጎደለው ስለሚመስል። በአገሪቱ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂ በሕግ ገቢ የሚደረገው እዚያ ነው። የመጠየቂያውን ወረቀት ሞልቼ ተቀመጥሁ፤ መጽሐፉ መጣ፤ አልተሸፈነም፤ ገጹም አልጎደለም። ደብዳቤው ተከፈተ፣ ልጅቷ አለቀሰች፣ ደራሲውም እንግዳ እንደ ደረሰበት ሰው በሁለት ገጽ ተቻኩሎ ጨረሰው። ከጋሼ ሦስት መጨረሻዎች ሁሉ ያነሰ ነበር። መጽሐፉን ስመልስ የተከፋሁት በደራሲው ሳይሆን በራሴ ነው፤ ድሬ ዳዋ ያለው ሱቅ ያን ዕለት ተዘጋብኝ።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ከፓርላማው ፊት ለፊት የተመረቀውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን አይቼዋለሁ፤ ለሕፃናት እንዲህ ያለ ቦታ በእኔ ጊዜ አልነበረምና ደስ ብሎኛል። በየንባብ አዳራሹ የማየው ወጣት አብዛኛው የፈተና ደብተሩን ይዞ የሚቀመጥ ነው፤ አልፈርድበትም፣ ጸጥ ያለ ክፍል ያለው ቤት ስንት ነው? ደብተሩን ሲጨርስ ግን አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ታሪክ ቢያስጀምረው እመኛለሁ፣ መጨረሻውን አሳስቶም ቢሆን።

ዛሬ ጠዋት አበባ አየሁሽ የሚሉት ልጆች በር ላይ ዘፍነው፣ የሣሉትን የአደይ አበባ ሥዕል ሰጥተውኝ ከሄዱ በኋላ፣ የ2017ን የቀን መቁጠሪያ ከሚስማሩ አወረድሁት። ነሐሴና ጳጉሜን ያሉበትን ወረቀት ነጩን ወደ ውጭ አጥፌ፣ ለእህቴ ልጅ የገዛሁትን ልቦለድ ሸፈንሁበት፤ ርእሱንም በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ጻፍሁት። መጽሐፉ ገጽ አይጎድለውም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ግን እኔ እንዳላነበብኋቸው እነግራታለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት።