75 ሊትር ባሕር፦ ትንሽ የኮራል ገንዳ ከባዶ ሲቋቋም

ዓሣና ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) የሚኖሩበት ትንሽ የጨው ውሃ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል የሚባለው ልክ አይደለም። 400 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ትንሽ ዓሣ ሞቶ ቢያድር ገንዳው ልብ ላይለው ይችላል። 75 ሊትር ውስጥ ግን ያው ዓሣ ሲነጋ የአሞኒያ (ከበሰበሰ ነገር የሚወጣ መርዝ) አደጋ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ማሞቂያ ሲበላሽ፣ ውሃ ሲተን፣ ምግብ ሲበዛ፣ በትንሽ ውሃ ውስጥ ጉዳቱ ፈጥኖ ይደርሳል። እዚህ የምጽፈው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው፤ ለውጡን እንዴት እናዘግየው?

ለምሳሌ የምወስደው 60 በ40 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ ነው። በስሌት 96 ሊትር ይይዛል፤ ከላይ የሚተወው ክፍተት፣ ድንጋዩና አሸዋው ሲቀነሱ እውነተኛው ውሃ 75 ሊትር አካባቢ ነው። መድኃኒትም ሆነ ማዕድን ስትለኩ ሁልጊዜ በዚህ በ75ቱ አስሉ፤ በ96ቱ የሚያሰላ ሰው ሳያውቀው ከመጠን በላይ ይጨምራል። ክብደቱንም አትናቁ፤ ውሃው 77 ኪሎ፣ የ8 ሚሊሜትር መስታወቱ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ድንጋይና አሸዋ ሲጨመሩ 115 ኪሎ ይደርሳል። ማስቀመጫው ይህን የሚችል፣ በውሃ ልክ የተስተካከለ ይሁን። ከመስኮት ፀሐይ ራቅ አድርጉት። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ከውሃው ደረጃ በላይ ስቀሉት፤ እያንዳንዱ ገመድ ደግሞ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተለጥጦ ተመልሶ ይውጣ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ውሃው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎሪን፣ ፎስፌት፣ ሲሊካና አንዳንዴም ከቱቦ የሚመጣ መዳብ አለ። መዳብ በጣም በትንሽ መጠን እንኳ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይገድላል፣ ኮራልም ይጎዳል። ስለዚህ ውሃው በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በጣም ጠባብ በሆነ ወንፊት በሚያሳልፍ ማጣሪያ)ና ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሬዚን (የቀረውን የሟሟ ነገር በሚይዙ ጥቃቅን እንክብሎች) መጣራት አለበት። የተጣራውን ውሃ የሟሟ ነገር በሚለካ መሣሪያ ስትለኩት 0 ማለት አለበት። ቁጥሩ 1 ወይም 2 ማለት ከጀመረ ሬዚኑ እየደከመ ነው። የደከመ ሬዚን ላላ አድርጎ ይዞት የቆየውን ሲሊካ መልሶ ይለቃል፤ ከዓመት በኋላ በአሸዋ ላይ ቡናማ ዱቄት ሲመለስ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይኸው ነው።

ጨዉን ስታሟሙ ውሃውን በባልዲ አስቀድማችሁ ሙሉ፤ ወደ 25 ዲግሪ አሙቁ፤ በትንሽ ፓምፕ እያዞራችሁ ጨዉን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ለ1 ሊትር ከ36 እስከ 38 ግራም አካባቢ ይፈልጋል፣ ትክክለኛውን ግን ከማሸጊያው አንብቡ። ጨዉን ባልዲው ውስጥ አስቀምጦ ውሃ ከላይ ማፍሰስ ስህተት ነው፤ ከታች የሚፈጠረው በጣም የከበደ ድብልቅ ካልሲየሙንና ካርቦኔቱን አገናኝቶ ነጭ ዝቃጭ ያደርጋቸዋል። ውሃው ወተት መስሎ ከቀረ ያ ማዕድን ከእጃችሁ ወጥቷል። ባልዲው ሳሙና ነክቶት የማያውቅ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል ይሁን።

የጨው ልኬቱ 35 ግራም በኪሎ ነው፤ በሌላው አለካክ፣ ከንጹሕ ውሃ ክብደት ጋር ሲነጻጸር፣ ከ1.025 እስከ 1.026 መሆኑ ነው። የሚለካው በሪፍራክቶሜትር፣ ብርሃን በውሃው ውስጥ ሲታጠፍ አይቶ ጨዉን በሚለካ መሣሪያ ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ መስታወቱ ላይ ጣል፣ ክዳኑን አረፋ ሳይዝ ዝጉ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሙቀቱ እስኪስተካከል ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ሰማያዊና ነጩ የሚለያዩበትን መስመር አንብቡ። መሣሪያውን በንጹሕ ውሃ 0 ላይ አስተካክሎ መተው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። 0 ላይ ትክክል የሆነ መሣሪያ 35 ላይ ሁለት ሦስት ነጥብ ሊስት ይችላል። የ35 ማስተካከያ ፈሳሽ ገዝታችሁ በየወሩ በእሱ አስተካክሉ።

እንግዲህ የትንሽ ገንዳ ትልቁ ጠላት ትነት ነው። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። ክዳን የሌለው እንዲህ ያለ ገንዳ በቀን እስከ 1 ሊትር ሊያጣ ይችላል። 7 ቀን ሳትሞሉት ብትቆዩ 75 ሊትሩ 68 ይሆናል፣ ጨዉም ከ35 ወደ 38.6 ይወጣል። በስምንተኛው ቀን ደንግጦ 7 ሊትር በአንድ ጊዜ መገልበጥ ደግሞ ሁለተኛ ጉዳት ነው። የሚሞላው ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ነው፣ በየቀኑ፣ ቢቻል በራሱ በሚሞላ መሣሪያ። በእኔ ግምት ገንዘብ ካጠረ ከብራንድ መብራት ላይ ተቀንሶም ቢሆን ይህ መሣሪያ መገዛት አለበት። የማጠራቀሚያውን ዕቃ ግን ከ5 እስከ 7 ሊትር በላይ አታድርጉት፤ የመሣሪያው ዳሳሽ ተጣብቆ ሁሉንም ውሃ ቢለቅ እንኳ ጨዉ ከ32 በታች እንዳይወርድ፣ ውሃውም ወለል ላይ እንዳይፈስ።

ማሞቂያ ላይም ተመሳሳይ ሐሳብ ነው። አንድ ባለ 100 ዋት ከመግዛት ሁለት ባለ 50 ዋት ግዙ። ማሞቂያ ሲበላሽ አንዳንዴ እንደበራ ተጣብቆ ይቀራል። 50ው ብቻውን ተጣብቆ ቢቀር ውሃውን ለማፍላት አቅሙም ጊዜውም አይበቃውም፤ አንዱ ቢሞት ደግሞ ሌላው ብርዱን ያዘገያል። ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ላይ አቁሙትና ሙቀቱን በሌላ ቴርሞሜትር አረጋግጡ፣ ማሞቂያው ላይ የተጻፈውን አትመኑ።

ለሞገድ በሰዓት የውሃውን ከ20 እስከ 30 እጥፍ የሚያንቀሳቅስ ይበቃል፤ ባለ 1,000 ሊትር ሁለት ፓምፕ ከግራና ከቀኝ ተያይተው፣ አንዱ ወደ ላይ ዞሮ የውሃውን ፊት እያናወጠ። ኦክሲጅን የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ድንጋዩ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ይበቃል። መጀመሪያ በቀጥታ መስታወቱ ላይ አስቀምጡት፣ አሸዋው በኋላ ይፈስሳል፤ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ቆፋሪ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ከሥሩ ሲያወጣለት ይንሸራተትና መስታወት ይመታል። ከመስታወቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ራቅ ይበል፣ ማግኔት መጥረጊያ የሚያልፍበት። አሸዋው የአራጎናይት (የካልሲየም ካርቦኔት) ዓይነት፣ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት፣ ወደ 9 ኪሎ። ከግንባታ የተረፈ አሸዋ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ዓሣ የለም። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴ ስድስት ሳምንት የሚወስደው የባክቴሪያው ሥራ ነው፤ አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይቀይራል። የሚበሉት ካላገኙ አይባዙም፣ ስለዚህ ድንጋዩ ደረቅ (ሕይወት ያለው ነገር ያልያዘ) ከሆነ አሞኒያ ትሰጧቸዋላችሁ። በ75 ሊትር ውስጥ 0.47 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ አሞኒያውን ወደ 2 ሚሊግራም በሊትር ያደርሰዋል። የታሸገ ባክቴሪያ አብሮ ቢጨመር ያፋጥናል። 2 የነበረው አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ 0 ሲሆን፣ ናይትራይቱም 0 ሲል ገንዳው ተዘጋጅቷል። ናይትራይት ገና እያለ ናይትሬትን አትለኩ፤ ናይትራይቱ መለኪያውን ስለሚያስት ቁጥሩ ከእውነቱ በጣም ከፍ ብሎ ይታያል። መብራቱም በዚህ ጊዜ ይጥፋ፣ ማን ይጠቀምበታል? አልጌ ብቻ።

መብራቱ ሲበራ አስቀያሚው ወቅት ይጀምራል። መጀመሪያ ቡናማ ዱቄት አሸዋውን ያለብሳል፤ ዲያቶም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፣ ሲሊካው ሲያልቅ በራሱ ይሄዳል። ቀጥሎ አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ አልጌ፤ አራት ወይም አምስት ቀንድ አውጣ፣ ትንሽ በእጅ መንቀል። ቀይ፣ እንደ ጨርቅ ተገፍፎ የሚነሳው ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ በቀጭን ቱቦ ምጠጡት፣ ሞገዱን ወደዚያ አዙሩት።

ከሁሉም የሚከፋው ዳይኖፍላጀሌት (በአጭሩ ዳይኖ) የሚባለው ባለ አንድ ሴል ጥቃቅን ፍጥረት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከዲያቶም ጋር ይምታታል። ቡናማ ንፍጥ ይመስላል፣ ክር ክር ይላል፣ በክሩ ጫፍ አረፋ ይይዛል፤ ሌሊት ይጠፋና መብራት ከበራ ከሰዓታት በኋላ ይመለሳል። ለመለየት ከንፍጡ ትንሽ ከነውሃው በብርጭቆ ቅዱና ጠንከር አድርጋችሁ በጥብጡት። በወረቀት ማጥለያ አጥልሉት። የወረደውን ውሃ መብራት ሥር አንድ ሰዓት አስቀምጡ። ተመልሶ ክር ሆኖ ከተሰበሰበ ዳይኖ ነው፤ ተበትኖ ከቀረ ሌላ ነገር ነው። ይህ ነገር በብዛት የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት 0 ሲሆኑ ነው፤ ከልክ ያለፈ ጽዳት ያመጣዋል። ስለዚህ ውሃ መለወጡን አቁሙ፣ የፎስፌት ማጣሪያውን አውጡ፣ ናይትሬቱን ወደ 5፣ ፎስፌቱን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ከፍ አድርጉ። ማጽዳት የለመደ እጅ ይህን መስማት ይከብደዋል፤ ሆኖም ተፎካካሪ አልጌና ባክቴሪያ የሚበሉት ሲያገኙ ነው ዳይኖው ቦታውን የሚለቀው።

ዓሣን በተመለከተ በ75 ሊትር ውስጥ ሦስት ትንንሽ በቂ ነው። በእርባታ የተገኙ ሁለት ክላውንፊሾችና አንድ ጎቢ ጥሩ ስብስብ ነው። ሰማያዊው ታንግ ትንሽ ሆኖ ይሸጣል፣ አድጎ ግን ከ25 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ እዚህ ቦታ የለውም። ጎቢ ዘላይ ስለሆነ ገንዳው ላይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ይኑር። ከሩቅ ተጭኖ የመጣ ዓሣ ሲሆን ከረጢቱን ከፍቶ ለረጅም ሰዓት ውሃ ማንጠባጠብ ጎጂ ነው፤ በተዘጋው ከረጢት ውስጥ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ ውሃው ወደ አሲድነት ያደላል) ወርዶ ስለነበር አሞኒያው ብዙም አይመርዝም ነበር፣ ከረጢቱ ሲከፈት ፒኤች ይወጣል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። የተሻለው ከረጢቱን ሳትከፍቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፋችሁ ሙቀቱን ማስተካከል፣ ከዚያ ጨዉ አስቀድሞ ከከረጢቱ ጋር እኩል በተደረገ የለይቶ ማቆያ ገንዳ ውስጥ ዓሣውን ብቻ መልቀቅ ነው። የከረጢቱ ውሃ አይገባም። ለይቶ ማቆየቱን አትዝለሉት፤ ክሪፕቶካሪዮን የሚባለው ነጭ ነጥብ ኮራሉ ገንዳ ውስጥ ከገባ በመዳብ ማከም አይቻልም፣ ዓሣዎቹን ሁሉ አውጥቶ ገንዳውን 76 ቀን ያለ ዓሣ ማቆየት ግድ ይሆናል።

ኮራል ከሁለት ወር በኋላ ይግባ፣ መጀመሪያ ዲስኮሶማና ዞአንተስ የሚባሉት ለስላሳ ዓይነቶች። መብራቱን በትንሽ ኃይል፣ በቀን 8 ሰዓት ጀምሩ፤ በአንድ ጊዜ የበዛ ብርሃን ኮራሉ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩትን አልጌዎች አስወጥቶ ነጭ እንዲሆን ያደርገዋል። ዜኒያ የሚባለው ኮራል እንደ አረም ስለሚሰራጭ ከሌላው ጋር በማይነካካ ድንጋይ ላይ ለብቻው ይቀመጥ። ዞአንተስና ዘመዱ ፓሊቶዋ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊይዙ ስለሚችሉ በጓንትና በመነጽር ብቻ ይነኩ፤ የበቀሉበትን ድንጋይ በፍጹም በፈላ ውሃ አታጽዱ፣ በእንፋሎቱ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል።

በሳምንት 7.5 ሊትር መለወጥ ለእነዚህ ለስላሳ ኮራሎች ማዕድኑን ይበቃል። አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ በዲኬኤች የሚለካ) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየም 420፣ ማግኒዥየም 1,300 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ይቁም። ድንጋያማ አጽም ያላቸው ሲገቡ ግን አልካሊኒቲው መውረድ ይጀምራል። ሳትጨምሩ ለሦስት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ፤ 8.6 የነበረው 8.0 ከሆነ የቀኑ ፍጆታ 0.2 ነው። ለ75 ሊትር 1 ዲኬኤች ማለት 2.25 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ስለሆነ፣ የቀኑ ድርሻ 0.45 ግራም ይሆናል። ካልሲየሙንም አብሮ የሚተካው የኖራ ውሃ ነው፤ ለ1 ሊትር 1.5 ግራም ያህል ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ የግንባታ ኖራ ሳይሆን። ይህ ውሃ 1 ሊትሩ ብቻውን ገንዳውን 1.5 ዲኬኤች ከፍ ስለሚያደርግ፣ የተነነውን ሁሉ በእሱ መተካት አይቻልም። ለ0.2 የሚበቃው 130 ሚሊሊትር ነው፤ እሱን ከቀኑ መሙያ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ፒኤች በሚወርድበት በሌሊት፣ ፓምፑ ፊት ጠብታ በጠብታ ይውረድ።