መጽሐፍ አንብቦ ማውራትም ይለመዳል

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ደስ ብሎኝ ነው። ከአንባቢ ጓደኞቼ ጋር ስለምንወዳቸው መጻሕፍት ማውራት ከጀመርን ቆይተናል፤ ወሬያችን ለዛ ያገኘው ግን በቅርቡ ነው። አሁን አንዲት ምዕራፍ ይዘን ከተቀመጥን ጊዜው መንጎዱን አናውቀውም። ስንለያይም ያንኑ መጽሐፍ እንደገና መግለጥ ያምረናል። እዚህ ለመድረስ የረዳንን ላካፍላችሁ፤ እስካሁን ያልተፈታልንንም ጨምሬ።

መጀመሪያ አካባቢ ያለውን ቶሎ ልለፈው። «አነበብሽው?» «አዎ።» «እንዴት ነው?» «አሪፍ ነው።» ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት። አንዳንዱ ደግሞ ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ይተርከዋል፤ ያላነበበው ይናደዳል፣ ያነበበው ይሰለቻል። ለመጽሐፍ ከአምስት ነጥብ መስጠትንም ሞክረናል። ይህን ነገር ጨርሶ አልወደውም። ነጥብ ወሬ ይዘጋል። አንዱ አራት፣ ሌላው ሁለት ካለ በኋላ ሁሉም የራሱን ቁጥር መከላከል ይጀምራል፤ መጽሐፉ ይረሳል።

ወሬያችንን የከፈተልን አንድ ጥያቄ ነው፦ «የቱ ጋ ቆምክ?» ስታነብ ቀና ብለህ ያሰብክበት፣ ወደ ኋላ ተመልሰህ የደገምከው፣ ወይም የተናደድክበት ቦታ የቱ ነው ማለታችን ነው። ይህን የተጠየቀ ሰው «አሪፍ ነው» ብሎ ማለፍ አይችልም። ወይ አንድ ቦታ ያሳያል፣ ወይ «የትም አልቆምኩም» ይላል። የትም አልቆምኩም ማለትም ጥሩ ወሬ ይወጣዋል፤ ለምን አልቆምክም ብሎ መጠየቅ ይቻላላ።

ጥያቄው ሲመጣ ግን ዋናው ችግር አፍጥጦ ወጣ። አናስታውስም። መጽሐፉን እንደወደድነው እናውቃለን፤ ምኑን እንደወደድነው ጠፍቷል። የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም እንኳ አፋችን ላይ ደርሶ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማታ ዐይኑ እየተከደነ ለሚያነብ ሰው ይህ አይገርምም፤ ወሬውን ግን ይገድለዋል። «የሆነ ቦታ ላይ አንዲት ሴትዮ ነበረች… ምን ነበር ያለችው…» ብሎ የጀመረ ሰው የትም አይደርስም።

ብዙ የታገልነው ከዚህ ጋር ነው። አንዳንዶቻችን ማስመር ያዝን፤ በእርሳስ፣ በቀለም፣ ገጹ ቢጫ እስኪሆን ድረስ። እኔ ማስመር ብቻውን ዋጋ የለውም ባይ ነኝ። ስታሰምሩ ነገሩን የያዛችሁት ይመስላችኋል፤ የሠራው ግን እጃችሁ ነው። ከወር በኋላ ያ መስመር ለምን እንደተሰመረ አይነግራችሁም። ደጋግማችሁ አንብቡ የሚሉም አሉ። የሚወዱትን መጽሐፍ መድገም ራሱን የቻለ ደስታ ነው፤ ለማስታወስ ግን ከሱ የሚሻል መንገድ አለ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ መልሰው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ መልሰው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በልጠው ተገኙ። እኛ የምንገናኘው ደግሞ አንብበን በአምስት ደቂቃ ውስጥ አይደለም።

ስለዚህ አሁን ምዕራፍ ስጨርስ መጽሐፉን እዘጋለሁ። ገጹን ሳላይ የቆምኩበትን ቦታ በራሴ ቃል፣ ከሁለትና ከሦስት መስመር ሳላስበልጥ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ለምን እንደቆምኩም እጨምራለሁ። ከዚያ ብቻ ነው መጽሐፉን ከፍቼ የገጹን ቁጥር የምጽፈው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ገጹን እያያችሁ ከጻፋችሁ ግልበጣ ነው የሚሆነው። ስልክ ላይ መጻፍ የሚቀላቸው እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ወረቀት ነው የምመክረው፤ ስልክ ከከፈትኩ አንዱ መልእክት ይጠራኝና ምዕራፉ ከነሐሳቡ ይበናል።

ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ ደግሞ የጻፉትን መልሶ ማግኘት አስቸገረ። እዚህ ላይ በጣም የምወደውን ዘዴ ልንገራችሁ። የእንግሊዙ ፈላስፋ ጆን ሎክ ከንባቡ የሚለቅመውን እንዴት እንደሚያደራጅ የሚያስረዳ ጽሑፍ በ1686 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ አሳትሞ ነበር። ደብተሩ መጀመሪያ ላይ ማውጫ ያዘጋጃል። እያንዳንዱን ማስታወሻ በአንድ ቃል ይሰይማል። ቃሉን በመጀመሪያ ፊደሉና በሚከተለው አናባቢ ይመድባል፤ ከጎኑ ማስታወሻው ያለበትን የደብተር ገጽ ይጽፋል። ሳነበው ወዲያው የመጣልኝ የኛው ፊደል ነው። ሎክ በሁለት ምልክት የሚይዘውን እኛ በአንድ እንይዘዋለን። «መለያየት» መ ሥር ይገባል፣ «ሙግት» ሙ ሥር፣ «ማርጀት» ማ ሥር። ማውጫው ተሠርቶ የተቀመጠልን ያህል ነው።

እርግጥ ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ካባዛችሁት 231 ሳጥን ይመጣል፤ ያን ሁሉ አስቀድሞ ማስመር አያስፈልግም። እኔ ለየፊደሉ ቤት አንድ መስመር ብቻ እተዋለሁ፤ ከሰባቱ የትኛው እንደሆነ ቃሉ ሲመጣ እጽፈዋለሁ። አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። «ሀዘን» በየትኛው ሀ ነው? «ሥራ» በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ከተጻፈ አንድ ሐሳብ ሁለት ቦታ ይበተናል። እኔ ለማውጫው ብቻ ብዬ ሞክሼዎቹን አንድ ቤት አስገብቻቸዋለሁ። አንዷ ጓደኛዬ በዚህ አትስማማም፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቦታ አለው ትላለች፤ ደብተሯም ከኔ ይልቅ የተጣራ ነው። እኔ ግን ፈልጎ ማግኘትን ነው የማስቀድመው።

ጥቅሙ የታየን ስንጫወት ነው። ወሬው ወደ ዝምታ ከሄደ ዝ ላይ ሄጄ «ዝምታ» የሚለውን እፈልጋለሁ፤ ከተለያዩ መጻሕፍት የተለቀሙ ቦታዎች ጎን ለጎን ይመጣሉ። በአንዱ የተቀየሙ ባልና ሚስት አሉ፤ በሌላው ሐኪም ፊት ቃል የጠፋው ሰውዬ። ቀስ በቀስ ደግሞ ከራሴ ኑሮ ያየሁትንም እዚያው ሥር መጻፍ ጀመርኩ፤ ስልክ ደውሎ ምንም ሳይል የቆየ ወዳጅ፣ ከእራት በኋላ ማንም ያልመለሳት ጥያቄ። መጽሐፉና የዕለት ኑሮዬ አንድ ገጽ ላይ ተገናኙ። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ይህ ነው።

አንድ ቦታ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ሰሞኑን ያነበብነው ልብ ወለድ ውስጥ ለዓመታት የጠፋ ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባትየው መጀመሪያ የሚለው «በሩን ዝጋው» ነው። አንዱ ጓደኛችን «ልቡ የደነደነ ሰው ነው» አለ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «የኔም አባት ሲጨንቀው ትእዛዝ ነው የሚሰጠው» አለችና ስለ አባቷ ነገረችን። ረጅም ወሬ ነበር፤ ማንም አላቋረጣትም። በኋላ ገጹን ገለጥነው። ሁላችንም አባትየው ጮኾ እንደተናገረ ነበር የምናስታውሰው። ገጹ ላይ ጩኸት የሚባል ነገር የለም። «አለ» ብቻ ነው የሚለው። ከፍ ብሎ ደግሞ ወንበሩ ወደ በሩ ዞሮ እንደነበር ተጽፏል፤ ያንን አንዳችንም አላስተዋልነውም። ሰውየው ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ነው። ጩኸቱን ያመጣነው እኛ ነን፣ ከየቤታችን።

ይህ በኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ፍሬደሪክ ባርትሌት የሚባል የካምብሪጅ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው እንግሊዛውያን አንባቢዎች የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት አንብበው ከጊዜ በኋላ እንዲጽፉት አድርጎ ነበር። ሲጽፉት ታሪኩ አጠረ፤ እንግዳ የሆነባቸውም ወደሚያውቁት ተለወጠ። ታንኳው ተራ ጀልባ ሆነ፤ የባሕር አቆስጣ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ። ሰው ያነበበውን የሚያስታውሰው ከራሱ ኑሮ ጋር አስማምቶ ነው።

ለዚህ ነው «ስለ መጽሐፉ ብቻ እናውራ፣ የግል ወሬ ይቅር» ከሚሉት ጋር የማልስማማው። የግል ወሬውን ብታባርሩትም መጽሐፉ ውስጥ ተደብቆ ይገባል። ይልቅ በግልጽ ይምጣና ከዚያ ገጹ ይገለጥ። የምንጠብቀው ደንብ ይሄው ነው፤ ማንም ስለ ኑሮው ማውራት ይችላል፣ ሲጨርስ ግን አንድ ሰው «እስቲ ገጹን እንየው» ይላል። ከዚህ ደንብ የምናወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዳችን በእውነት የከበደው ነገር ካነሳ መጽሐፉ ይዘጋል፤ ለዚያን ቀን አይከፈትም። መጽሐፉ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ያልተፈቱትን ልንገራችሁ። ግጥም ላይ ዘዴዬ አይሠራም። ግጥምን በራሴ ቃል ስጽፈው የሚቀረኝ ሐሳቡ ነው፤ ዜማው ይጠፋል፣ ዜማው የሌለበት ግጥም ላይ ደግሞ መወያየት አይሆንልኝም። አሁን የማደርገው ሁለት ስንኝ በቃል ይዤ መምጣት ነው፤ ይረዳል፣ ግን ወሬው አሁንም ቶሎ ያልቃል። ልብ ሰቃይ ልብ ወለድ ስይዝም ደብተሩን አልነካውም። እያንዳንዱ ምዕራፍ ላይ ቆሞ መጻፍ ሩጫውን ይገድለዋል፤ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አንድ ጊዜ በትንፋሽ አንብቡት፣ መጻፉ ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን።

ሌላው መጨረሻውን የመናገር ነገር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት የአጫጭር ልብ ወለዶች መጨረሻ አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ታሪኮቹን ይበልጥ እንደወደዷቸው አሳይቷል። ጥናቱን አምናለሁ፤ ግን መጨረሻው ሲነገረኝ አሁንም ቅር ይለኛል። ስለዚህ ሁላችንም የደረስንበትን ምዕራፍ መጀመሪያ እንናገራለን፤ ወሬው ወደ ኋላ ከቀረው ሰው አያልፍም። ይህ ፈጣን አንባቢዎችን ያስጨንቃቸዋል፣ አውቃለሁ፤ ግን ቀስ ብሎ የሚያነበው ሰው ብዙ ጊዜ ከሁላችንም የበለጠ ይዞ ይመጣል።

በሚቀጥለው ስንገናኝ የባርትሌትን ሙከራ በራሳችን ልናየው ተስማምተናል። አንድ አጭር ልብ ወለድ ሁላችንም እናነባለን፣ ሳምንት እንቆያለን፣ ከዚያ ሳናይ ጽፈን የየራሳችንን እናስተያያለን። ማን ምን እንደጨመረ፣ ማን ምን እንደዘለለ ለማየት ቸኩያለሁ። የምትሞክሩት ካላችሁ ያገኛችሁትን ጻፉልኝ፤ ግጥም ላይ እንዴት እንደሚወያዩ የሚያውቅ ካለ ደግሞ በተለይ እሱን እፈልጋለሁ።