ከመድፉ ይልቅ ነቀዙ

የሸራ መርከብ ዘመን የባሕር ጀብዱ ልቦለዶችን አብረውኝ ለሚያነቡ ወዳጆች በየወሩ መባቻ አንድ የጽሑፍ መነሻ አዘጋጃለሁ። እነሱም እስከ ወሩ መጨረሻ አጭር ታሪክ፣ ደብዳቤ ወይም ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። የሥራው ክብደት ያለው መነሻውን መምረጡ ላይ ነው።

ሰፊ ርዕስ ብዕር ያደርቃል። «የባሕር ውጊያ» ሲባል ሁሉም ያንኑ ጭስ፣ ያንኑ የሚገነደስ ምሰሶ፣ ያንኑ የማይሞት ካፒቴን ይደግማል። «ነቀዝ የገባበት ብስኩት» ያልኩ ወር ግን ዝም ያሉት ሁሉ ጻፉ። በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ባሕረኛ የቀን ድርሻ አንድ ፓውንድ ደረቅ ብስኩትና አንድ ጋሎን ቢራ ነበር፤ ብስኩቱ ሲቆይ ይነቅዛል። የአንዲት ጸሐፊ ታሪክ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፦ አዲስ የገባ ልጅ ብስኩቱን በገበታው ጠርዝ መታ መታ እያደረገ ነቀዙን ያራግፋል፤ አጠገቡ ያለው ሽማግሌ ደግሞ መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቆ ይበላል። አንድም መድፍ አልተተኮሰም።

ከዚያ ወዲህ መነሻዎቼን የምቀዳው ከመርከቡ የዕለት ሥራ ነው። ከሁሉ ያዋጣኝ ደወሉ ነው። የግማሽ ሰዓቱ የአሸዋ ሰዓት በተገለበጠ ቁጥር ደወል ይመታል፤ አራት ሰዓት የሚፈጀው የጥበቃ ተራ በስምንት ምት ያበቃል። «ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ተራ ጀምሩ፤ ስምንቱ ሲመታ ጨርሱ» አልኳቸው። ማሳጠር የማይሆንላቸው ሳይቀሩ ልክ አበጁለት። (እኔን ያልሰሙ ደወሉን ሰሙ።)

ኦክቶበር ሲመጣ እንግሊዞች ፈረንሳይንና ስፔንን ድል የነሡበትን የትራፋልጋርን የባሕር ውጊያ ማለፍ አይቻልም፤ እዚያው ለወደቀው ለእንግሊዙ አድሚራል ለኔልሰን ግን በቂ ተጽፎለታል። ስለዚህ ወሬውን ወደ እንግሊዝ ያደረሰችውን ፒክል የምትባል ትንሽ መርከብ ሰጠኋቸው። አዛዡ ላፔኖቲየር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1805 ፋልመዝ በተባለው የእንግሊዝ ወደብ ወርዶ፣ ፈረስ እያስቀየረ በሠረገላ ገሰገሰ፤ ለንደን የባሕር ኃይሉ ጽሕፈት ቤት የደረሰው ኖቬምበር 6 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው። በአንድ መልእክት የድሉን ብሥራትም የኔልሰንን መርዶም ይዟል። መርዶ ጎሕ ሳይቀድ በሚነገርበት አገር ያደጉ ጸሐፊዎች ይህን ሰው ወዲያው አወቁት። አንዱ፣ በየፈረስ መቀየሪያው «ምን ይዘህ መጣህ?» እያስባለ፣ የቱን አስቀድሞ እንደሚናገር ሲያብሰለስል አሳደረው።

ከመነሻው ጋር አያይዤ የምሰጠው መረጃ ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ ሲበዛ ጸሐፊው ፈተና የተቀመጠ ተማሪ ይሆናል። የገመዶቹን ስም የማያውቅ «ገመዱ» ብሎ ይለፈው፤ አዋቂዎቹ ይቆጣሉ፣ ይቆጡ። ምርጥ ጽሑፍ ብዬም አላወዳድርም፤ ሽልማት ሲመጣ ጀማሪው ይሸሻል።

ለሚቀጥለው ወር የያዝኩት የሎሚ ጭማቂ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ስከርቪን፣ ድድ የሚያደማውን የባሕረኞች በሽታ፣ ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1795 ጭማቂውን ለባሕረኞች እንዲታደል ፈቀደ። ግዴታው አንድ ነው፦ ተራኪው ካፒቴኑ እንዳይሆን።