አቼቶና በረኪና በአንድ ባልዲ

የምሠራው ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ፔንሲዮን ውስጥ ነው፤ የክፍል ጽዳት ተቆጣጣሪ ነኝ። የፔንሲዮኑ ባለቤት ነገሩን የጀመሩት ለሠራተኛው አዝነው ነበር። "ልጆቼ፣ ይሄ የኬሚካል ሽታ ሳንባችሁን ይጨርሰዋል፤ ከእንግዲህ በተፈጥሮ ነገር ነው የምናጸዳው" አሉን። አቼቶ፣ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ተገዛ። በረኪናው ግን ለሽንት ቤት ይሁን ተብሎ ቀረ፤ ያውም እንደ ሁልጊዜው ምንም ባልተጻፈበት ሃይላንድ ተቀድቶ።

አንድ ጠዋት ከፎቅ የማያባራ ሳል ሰማሁ። ስወጣ አንዷ የጽዳት ሠራተኛችን ሻወር ክፍሉ ውስጥ ተንበርክካ ዓይኗ እንባ በእንባ ሆኗል፣ ትንፋሽ አጥሯታል። ወለሉ ላይ የጋገረው ነጭ ነገር አልለቅ ስላላት ባልዲው ውስጥ በነበረው በረኪና ላይ አቼቶ ጨምራበታለች። ደግፌ በረንዳ ላይ አወጣኋት። ባልደረባዋ "ባልዲውን ላውጣ" ብላ ልትገባ ስትል ከለከልኳት፤ መስኮቱ ክፍት ስለነበር አየሩ እስኪጠራ ማንም አልገባም። ከወጥ ቤት ወተት ይዘው ሮጡ። ወተቱ የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው፣ የተጎዳው ደግሞ መተንፈሻዋ ነው፤ ስለዚህ ባጃጅ አስቁመን ክሊኒክ ወሰድናት። ኦክስጅን ሰጧት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተሽሏት ተመለሰች።

ስትመለስ የነገረችኝ ከአእምሮዬ አልወጣም። "ጋሼ፣ አቼቶ እኮ ሰላጣ ላይ የምናደርገው ነው። ይጎዳል ብዬ በምን ልጠርጥር?"

እውነቷን ነው። የተነገራት ተፈጥሯዊው ደግ፣ ኬሚካሉ ክፉ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ታዲያ ደጉን ክፉው ላይ ብትጨምር ምን ይገርማል? ማንም ያላስረዳት በረኪና ውሃ ውስጥ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት መሆኑን፣ አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ እንደሚለቅ ነው። አቼቶም ሎሚም አሲድ ናቸው። ክሎሪን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደር የተፈጀበት ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይተኛል፤ ተንበርክኮ የሚፈትግ ሰው ቀድሞ ይስበዋል። ውሃ ያልተለቀቀበት ሽንት ላይ በረኪና ሲደፋ የሚያፍነው ሽታም ቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሱን የሚያመጣው በሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ነው።

የፔንሲዮኑ ባለቤት በጣም ደነገጡ። "እንግዲያው በረኪናው ይውጣ፤ እናቶቻችን በእንዶድ አልነበር የሚያጥቡት?" አሉ። እንዶድን አከብራለሁ፤ የእናቴ ነጠላ በእሱ ነበር የሚነጣው። ነገር ግን ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነው። የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ይህ ፍሬ ለአገር ትልቅ ግኝት ሆነ። ዓሣንም ይገድላል። ዓሣ ለሚያበላን ሐይቅ ጎረቤት ሆነን እጣቢውን የትም መድፋት አለብን? "እትዬ፣ ከዛፍ ስለተለቀመ ብቻ አንመነው፤ ምን እንደሚሠራ እንይ" አልኳቸው።

አሁን የውሃ ማፍያና የሻወር ራስ ላይ የሚጋግረውን በአቼቶ ብቻ እናስለቅቃለን፤ ለዚህ እሱን የሚያህል የለም። ቤኪንግ ሶዳ ለብቻው መፈተጊያ ነው። ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል የሚፈላው አረፋ ያምራል እንጂ ሁለቱ ተጣፍተው የሚተርፈው አብዛኛው ውሃ ነው። ተቅማጥ የያዘው እንግዳ የወጣበትን ሽንት ቤት ግን ለአቼቶ አልተውም። በሳሙና ይታጠባል፣ በውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በውሃ የቀጠነ በረኪና ተደርጎበት ትንሽ ይቆያል። ቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና ጉልበቱን ቆሻሻው ይጨርስበታል።

ሃይላንዱን አስቀርተናል። በረኪና ከነፋብሪካ ጠርሙሱ ይገዛል፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ባለቤቷ ግን አላቅማሙም። እሱ ስቶር ይቆለፋል፤ አቼቶው ወጥ ቤት ነው የሚቀመጠው። የፈለገ ሠራተኛ ወርዶ ይጠይቃል፤ ወጥ ቤቷም "ለየትኛው ክፍል? ለምኑ?" ሳትል አትሰጥም።